የዝንብ ጥናት ለሰው ምን ይጠቅማል?

በተማሪዎች መካከል ጭውውት በተነሣ ቍጥር አንድ ጥያቄ አይጠፋም። የባዮሎጂ ተማሪ ስለ ዝንብ ወይም ስለ ትል ጥናት ሲያወራ ከሰሚዎቹ አንዱ፣ «ሰው በወባ እየታመመ ይህ ምን ይጠቅማል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ይላል። ሌሎችም ይስቃሉ። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ማይክሮስኮፕ የሥራ መሣሪያችን አይደለም። ዳሩ ግን ይኸው ጥያቄ በታሪክና በቋንቋ ጥናትም ላይ የሚወረወር ስለ ሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልወደድንም። መልሱንም ከራሳችን ትምህርት ሳይሆን፣ ጠያቂዎቹ ከሚያከብሩት ከሕክምና ታሪክ እናመጣለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠበቀው በሁለት ዓይነት መከላከያ ነው። አንደኛው ጠላቱን አንድ በአንድ እየለየ የሚማርና የተማረውን የማይረሳ ነው፤ ነገር ግን ለመማር ቀኖች ያስፈልጉታል። ሁለተኛው አብሮን የሚወለደው ነው። ይህኛው ተሕዋስ እንደ ገባ በደቂቃዎችና በሰዓቶች ውስጥ ይነሣል፤ የመጀመሪያውንም ቀስቅሶ ለሥራ የሚያሰማራው እርሱ ነው። እንግዲህ ይህ ዘበኛ ማንም ሳያስተምረው ባለቤቱን ከሌባው የሚለየው በምንድን ነው?

ዘበኛው ራሱ የታየው በ1882 ነው። ኤልያ ሜችኒኮፍ የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ፣ በአንድ የባሕር ኮከብ እጭ ገላ ውስጥ እሾኽ ሰካ። በማግሥቱ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾኹን ከበውት አገኘ። በ1908 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ነገር ግን ዘበኛው በምን እንደሚለይ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆየ።

በ1989 የዬል ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ጄንዌይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ባክቴሪያዎች በሰው ገላ ውስጥ የማይገኝ ልባስ አላቸው፤ ስለዚህ ሕዋሳታችን ያንን የወል ምልክት የሚያውቅ ተቀባይ ከውልደት ጀምሮ ሊኖራቸው ይገባል አለ። በዚያን ጊዜ ግን ተቀባዩን ያየው ሰው አልነበረም።

ማስረጃው የመጣው ከተናቀችው ዝንብ ነው። በጀርመን አገር የዝንብ ጽንስ ጀርባና ሆዱ እንዴት እንደሚለይ ሲመረመር «ቶል» የተባለ ጂን ተገኝቶ ነበር፤ ከበሽታ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። በ1996 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ፣ በዡል ሆፍማን ቤተ ሙከራ፣ ቶል የጐደላቸው ዝንቦች ሻጋታን መቋቋም አቅቷቸው ሞቱ። በ1998 ደግሞ በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቹ ይህንኑ የሚመስል ተቀባይ በአይጥ ላይ የባክቴሪያን ልባስ እንደሚለይ አሳዩ። በሰውም ዘንድ የዚህ ቤተሰብ ተቀባዮች 10 ናቸው። ሆፍማንና ቦይትለር በ2011 ከራልፍ ስታይንማን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

አሁን «ምን ይጠቅማል?» ወዳለን ወዳጃችን እንመለስ። በጥቅምት 2021 የዓለም ጤና ድርጅት ለአፍሪካ ሕፃናት የወባ ክትባት እንዲሰጥ መከረ። ክትባቱ ውስጥ ከሳልሞኔላ ልባስ ተወስዶ መርዝነቱ የተቀነሰ ቅመም አለ፤ ሥራውም ያንኑ በአይጥ የታወቀውን ተቀባይ መቀስቀስ ነው። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። በቤተ ሙከራ የተሠራ አር.ኤን.ኤ. ወደ ሕዋስ ሲገባ ዘበኛው እንደ ጠላት ቈጥሮ ይጮኽ ነበር። በ2005 ከአር.ኤን.ኤው ፊደላት አንዱን ቢለውጡት ጩኸቱ እንደሚበርድ አሳዩ፤ ከ2020 ጀምሮ ለኮቪድ የተሰጡት የአር.ኤን.ኤ. ክትባቶች በዚህ ላይ ቆመዋል።

ሁሉ ነገር ተሳክቷል ማለታችን አይደለም። ተቀባዩን በመዝጋት የደም መመረዝን ለማከም የታሰበ ኤሪቶራን የተባለ መድኃኒት ወደ 2000 በሚጠጉ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፣ ሞትን አለመቀነሱን የሚያሳየው ጥናት በ2013 ታትሟል። ዘበኛውን ማወቅና ማዘዝ ለየቅል ናቸው። ይህም ቢሆን ጥናቱ ገና ብዙ እንደሚቀረው እንጂ ከንቱ መሆኑን አያሳይም።

«ደኻ አገር ለዝንብ የሚያወጣው ገንዘብ የለውም» የሚለው ክርክር ከበድ ይላል። ለወባ አጐበርና ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ መቅደም እንዳለበት እኛም እናምናለን። ነገር ግን ዝንብ በጠርሙስና በበሰበሰ ሙዝ ታድጋለች፤ የሜችኒኮፍም መሣሪያ እሾኽና ማይክሮስኮፕ ነበር። ውድ የሆነው ዕቃው ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው። ደግሞስ ሌላው ያገኘውን መርምሮ «ይህ ለእኛ ይበጃል፣ ይህ አይበጅም» የሚል ሰው የሚወጣው ራሱ መመርመርን ከለመደ ትምህርት ቤት አይደለምን? ጥቅሙ አስቀድሞ ካልታወቀ አይጠና የምንል ከሆነ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ኋላ የምንለቅመው የሌላውን ፍርፋሪ ይሆናል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የዝንቡን ተማሪ ከመሣቅ ይልቅ እንጠይቀው፤ ያገኘውንም በአማርኛ እንዲነግረን እናስገድደው። ቃል ካጣለት ቃሉን መፈለግ የእኛ የአርት ተማሪዎች ፈንታ ነው። ልጇን ለማስከተብ የምትሰለፈው እናት በመርፌው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ በቋንቋዋ ልትረዳ ይገባታልና።