ሕግን እንወቅ፦ አጥር ከማጠራችን በፊት

እህል ከተሰበሰበ በኋላ የፋርጣ፣ የእስቴና የላይ ጋይንት ገበሬ አጥሩን ያድሳል። አንዱ ድንጋይ ይክባል። አንዱ እሾህ ያጥራል። ሌላው ቁልቋል ይተክላል። አጥር ጓሮን ከከብት፣ በረትን ከጅብ ይጠብቃል። ነገር ግን አጥር አንድ ክንድ ካለፈ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። በድንበር ጠብ ስንቱ ቤት ተዘጋ! ለክርክር ወጪ ስንቱ ጥማድ በሬ ተሸጠ!

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችንን እናንብብ። ትናንት ሌላ ሰው ያነብልን ነበር። ዛሬ ራሳችን እናነባለን። የባለይዞታው ስም አለ። ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም አለ። በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ማን እንደሚያዋስነንም ተጽፏል። ካርታ ያለን ደግሞ ካርታውን እንይ።

ሁለተኛ፣ አዋሳኞቻችንን እንጥራ። ገመዱ የሚዘረጋው እነሱ ቆመው እያዩ ነው። ሚስትም ትገኝ፤ ይዞታው የሁለቱም ነውና። ካልተስማማን ሽማግሌ አለ። የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴም አለ። ነገሩ እስኪለይ ጉድጓድ አንቆፍር።

ሦስተኛ፣ የወሰን ድንጋይ አንንካ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሌላውን ለመጉዳት የወሰን ምልክት የሚነቅለውን ወይም የሚያዛውረውን ይቀጣል። የሰው ውሃ የሚጠልፈውንም ይቀጣል። የጋራ መንገድም አንዝጋ። ከብት ወደ ወንዝ፣ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፍበት ነው። ወሰን ላይ ባሕር ዛፍ አንትከል። ጥላውና ሥሩ የጎረቤትን ማሳ ይጎዳል።

ቤታችን ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ከሆነስ? ከተማ ፕላን አለው። መንገዱ በፕላን የተለካ ነው። ስለዚህ የድንጋይ ወይም የብሎኬት አጥር ከመጀመራችን በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንጠይቅ። ፈቃዱን በጽሑፍ እንቀበል። «በቃል ተፈቅዶልኛል» ማለት አያድንም። መንገድ ውስጥ የገባ አጥር ይፈርሳል፤ ገንዘቡም ጉልበቱም ከንቱ ይቀራል።

የወሰን ስምምነት ሲጻፍም ሳናነብ አንፈርም። ጣት ከማሳረፍ በፊት ዓይን ይቅደም።

አንብበን እንመልስ

1. በደብተራችን ላይ የምሥራቁ አዋሳኝ ማን ይባላል?
2. የማን የማን ስም ተጽፏል?
3. ወሰን ሲለካ እነማን መገኘት አለባቸው?