የሐኪም ማዘዣ ወይስ የንግድ ወረቀት?

ለጉንፋን ሴፍትሪአክሶን! ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ሕመም መሆኑን፣ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትም እንደማይፈውሰው የሕክምና ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን መድኃኒት በጥንቃቄ ሊታዘዙ ከሚገባቸው ተርታ መድቦታል። በሰፈራችን የግል ክሊኒክ ግን መርፌ ያልተወጋ በሽተኛ እንዳልታከመ ይቆጠራል (መርፌ ወዳዱ በሽተኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለም)።

ከዚህ የሚብሰው የስሙ ነገር ነው። ኦሜፕራዞል ተብሎ መጻፍ ሲገባው የአንድ ኩባንያ የንግድ ስም ይጻፋል፤ ጡረተኛውም ርካሹን ትቶ ያንኑ ፍለጋ ይንከራተታል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ በሚገባ መድኃኒት ላይ እንዲህ መቀለድ ጭካኔ ነው። ለመሆኑ የክሊኒኩና የጎረቤቱ መድኃኒት ቤት ባለቤት አንድ ሰው ሲሆን ማዘዣውን ማን ይመረምራል? ተቆጣጣሪው አካል የአንድ ወር ማዘዣዎችን ሰብስቦ ያንብብ፤ ውጤቱንም ለሕዝብ ይግለጽ!