ከአማካይ ጋር አትደባልቁት

መካነ ሰላም ሻይ ቤት ተቀመጡ ፒያሳ ካፌ፣ ክርክሩ ያው ነው፦ «ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?» የኃይሌን ክብር የሚነካ የለም። ቀነኒሳን ግን «ከጥሩዎቹ አንዱ» ብላችሁ ከመንጋው ስትደባልቁት ቁጥሩን እዩ እንጂ! በዓለም አገር አቋራጭ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006፣ አምስት ዓመት በተከታታይ፣ ቅዳሜና እሁድ እየሮጠ የአጭሩንም የረጅሙንም ርቀት ወርቅ ጠቅልሎ ወሰደ።

«አጭሩ ቀላል ነበር» ትላላችሁ? አጭሩ ርቀት ከ1998 እስከ 2006 ዘጠኝ ጊዜ ተካሄደ። በነዚያ ዓመታት ሁለቱንም በአንድ ዓመት ያሸነፈ ሌላ ወንድ የለም። አምስት ለዜሮ! ቀላል ከነበረ ሌሎቹ ምን ነካቸው?

ማራቶን ሲያቋርጥ «አለቀለት» ለማለት የቸኮለ አፍ፣ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ለምን ይዘጋል? እኛ የለመድነውን እናረክሳለን። የሌላው አማካይ ዜሮ በሆነበት፣ አምስት «ጥሩ» አይባልም።