መኪና ማቆምም አደብ አለው

መንጃ ፈቃድ በቅርቡ የያዙ ወጣቶቻችንን ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው መንዳቱ ሳይሆን ማቆሙ ነው። በሁለት መኪኖች መካከል ሊገቡ ሲሉ ከኋላ ክላክስ ይጮኻል፤ ከዳር የቆመው ሁሉ «ስበር! መልስ!» ይላል። ያን ጊዜ ልብ ይርዳል፣ እጅም ይቸኩላል።

ዘዴው ግን ከባድ አይደለም። በመንገዱ ቀኝ ስናቆም፣ ከፊተኛው መኪና ጎን አንድ ሜትር ያህል ርቀን፣ የኋላ ፓራውልቶቹ ሲስተካከሉ እንቁም። ቀስ ብለን ወደ ኋላ እየሄድን መሪውን ወደ ቀኝ እንስበር፤ መኪናው ሰያፍ ሲሆን እናቅናው፤ አፍንጫው የፊተኛውን መኪና ሲያልፍ ወደ ግራ እንስበር።

ከሁሉ በፊት ግን ወርደን ኋላችንን እንይ። ከመኪና ኋላ ቁጢጥ ያለ ሕፃን በስፖኪዮ አይታይም። የተጫረ ፓራውልት ይጠገናል፤ ሕፃን ግን አይተካም።

ሌላው ፈተና የጁሙዓ ቀን ነው። በመርካቶው አንዋር መስጊድ ዙሪያ ቦታ ሲጠፋ፣ «ኹጥባው አመለጠን» ብለን የሰው በር ዘግተን እንሩጥን? በዚያ በር ምጥ የያዛት እናት ልትወጣ ትችላለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳትን ከኢማን ቅርንጫፎች ቆጥረውታል። ታዲያ እኛው እንቅፋት አስቀምጠን ለሶላት እንዴት እንሰለፋለን? ራቅ ብለን አቁመን በእግራችን እንሂድ፤ ወደ መስጊድ የሚራመድ እግር አጅር አለው።

አላህ መንገዳችንን የሰላም ያድርግልን። አሚን።