ድርና ማግ፦ ስለ ሁለት ማጉያዎችና ስለ አንድ ድምፅ

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ቀጠነ በተባለ ቁጥር መድኃኒቱ ሁለተኛ ማጉያ መደርደር ብቻ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረትም ለምስክርነት ይጠራሉ። በአንጻሩ ነገሩ ሁሉ የሽቦ ጣጣ እንጂ ከኪነት ጋር ዝምድና የለውም ብለው የሚንቁ አሉ። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል።

የፊተኞቹ ስሕተት ብዛትን ከጥራት ማምታታት ነው። የማጉያ ኃይል ከ50 ወደ 100 ዋት ሲያድግ የድምፁ መጠን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሆነው የተስተካከሉ ሁለት ማጉያዎች ያንኑ ቃል በኅብረት ከመጮኽ አያልፉም። ድር ብቻውን ጨርቅ አይሆንም፤ ማግ ይሻል። ማግ ደግሞ ሌላ ድር ሳይሆን ድሩን የሚያቋርጥ ነው።

እውነተኛው ውሕደት የሥራ ክፍፍል ነው። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ማጉያ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል፤ ከዚህም አዳዲስ ቅርንጫፍ ድምፆች ይወለዳሉ፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ይሞቃል፣ ይረዝማል። ነገር ግን ብዙ ክሮች በአንድነት ሲመቱ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ይደናቀፋሉ፤ የጣቱም አመታት ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ከጎኑ የቆመው ንጹሕ ማጉያ የጠፋውን አመታት ይመልሳል። ወፍራም ድምፅ የዚህ ቅራኔ ፍሬ ነው። ነገሩ የባለጸጎች ቅንጦትም አይደለም፤ በ1960ዎቹ የተሠሩትን ባለ አራት መሰኪያ የማርሻል ማጉያዎች የያዙ ተጫዋቾች ደማቁንና ደብዛዛውን መስመር በአንድ አጭር ገመድ አገናኝተው በአንዱ ማጉያ ውስጥ ሁለቱን ድምፆች አዋሕደዋል።

የሽቦ ጣጣ ነው ለሚሉት ደግሞ በገና መልስ ይሰጣል። በገና ደርዳሪው ከክሩ ሥር የሚገባውን ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራውን፣ እየገፋና እየሳበ ክሩ በልኩ እንዲነዝር ያደርጋል። ይህ የፋቂ ሥራ ነው ወይስ የኪነት? ድምፅን የሚወልድ ሁሉ የድምፅ ባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ንቀቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ሁለቱ ማጉያዎች በእኩል መጠን ሲቀዱ አንደኛው ማይክሮፎን 34 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ድምፁ በሰከንድ አንድ ሺኛ ይዘገያል፤ በ500 ኸርዝ ላይ ያሉት ሞገዶችም ይጣፋሉ። የአንዱ ድምፅ ማውጫ ወደ ፊት ሲገፋ የሌላው ወደ ኋላ ከሳበ ወፍራሙ ድምፅ ይከሳል። ሁለቱ በአንድ ገመድ ሲያያዙ የሚሰማውን እምምታ ለማጥፋት የመሬቱን ሽቦ የሚቆርጥ ግን በሕይወት ይጫወታል፤ ትክክለኛው መፍትሔ በድምፁ መስመር ላይ መለያ ትራንስፎርመር ማግባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ በስዋንዚ መድረክ ላይ ከመሬት ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል።

እንግዲህ የሙዚቃ መምህር ጣትን ብቻ አሠልጥኖ ማሰናበት የለበትም። ተማሪው ሁለት ድምፆች ለምን እንደሚዋሐዱ፣ መቼ እንደሚጣፉ፣ የትኛው ሽቦ ፈጽሞ እንደማይነካ ይማር። ጆሮ ያልመረመረውን ማጉያ ቢያበዛው፣ የሚበዛው ጉድለቱ ነው።