የተቆለፈ ኮምፒውተር ከምን ተጠበቀ?

ስለ ኮምፒውተር ክፍል ጥበቃ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ ቁልፍ ይሄዳል። የብረት በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ ሁለት ጓጉንቸር፣ ዘበኛ። ይህ ሁሉ አይጠላም፤ ሌባ አለና። ነገር ግን በሚዛን፣ በቴፒና በአካባቢው ከሌባ ይልቅ ንብረቱን የሚጨርሰው እርጥበት፣ መብረቅና የመብራት መቆራረጥ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ጓጉንቸር ደግሞ ከነዚህ አንዱንም አያግድም።

እስቲ ውድ አንባብያን፣ ቡናውን እንመልከት። በበቃ ወይም በቴፒ እርሻ፣ አለዚያም በየቤታችን ጓሮ፣ በቅጡ ያልደረቀ ጀንፈል ጆንያ ውስጥ ከቶ የሚቆልፍ ሰው አለ? የለም። ቡናው ይሰጣል፣ ይገላበጣል፣ ዳመና ሲመጣ ይሸፈናል። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ግድም ሲወርድ መጋዘን ይገባል፤ እዚያም ከወለሉ ከፍ ብሎ ርብራብ ላይ ይቀመጣል። ሻጋታ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የዚህ አገር ልጅ የለም። ታዲያ ቡናውን እንዲህ የሚጠነቀቅለት ሕዝብ ኮምፒውተሩን መስኮቱ በተዘጋ ክፍል፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ክረምቱን ሙሉ እንዴት ይረሳዋል? ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ውስጥ ያሉት ብረቶች ይዝጋሉ። ፀሐይ ሲወጣ መስኮቱ ቢከፈት፣ ማሽኑም በየጊዜው ቢሠራበት፣ የራሱ ሙቀት ያደርቀዋል። ሰው የሚገባበትን ክፍል አይጥም ቢሆን እንደልቡ አይደፍረውም።

እኔ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ኮምፒውተሮች ነበሩ። አይሲቲ የተማርነው ግን በጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ማውስ የሚባለውን ያወቅነው በጠመኔ ተሥሎ ነው። መምህሩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ዕቃውን በሞዴል 22 ፈርሞ ተረክቧል፣ አንዱ ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ይሰጋል። በእርሱ ቦታ ማን አይቆልፍም? ነገ እኛም በምንመደብበት ት/ቤት ይኸው ፊርማ ይጠብቀናል። በሥራ ብዛት ያረጀውን ኪቦርድና በቸልተኝነት የጠፋውን በአንድ ዓይን የሚያይ አረካከብ እስካለ ድረስ በሩ አይከፈትም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከፊሉ በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ማውስን በጠመኔ ሥዕል ያወቀ ልጅና ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ የሚሰጣቸው ሰዓት እኮ እኩል ነው!

ይከፈት ሲባል ልቅ ይሁን ማለት አይደለም። በር ላይ አንድ መዝገብ ይኑር፤ ማን፣ በስንት ቁጥር ኮምፒውተር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጻፍበት። ያን ጊዜ የተረካቢው ሸክም ይቀልለታል። ነጎድጓድ ሲሰማ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሶኬቱ ይነቀል፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። በአንድ ዲቫይደር ላይ ስድስት ማሽን ሰክቶ የሻይ ማፍያ የሚጨምርም አይጠፋምና እርሱም ይታሰብበት። እሳት ቢነሳ መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት ነው፤ ውኃ መድፋት ፈጽሞ አይገባም። ለመሆኑ የክፍሉ ማጥፊያ የት እንዳለ ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል?

ሌላው ፍላሽ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት ያመጣነውን ፍላሽ ሳንመረምር እንሰካለን፣ በማግስቱ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይገኛል። ብዙዎች ደንግጠው ፎርማት ያደርጉታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፋይሉ ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም ነበር። እድሳቱን ችላ ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያሽመደምድ፣ ማይክሮሶፍት መከላከያውን ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ያልጫኑት ናቸው የተጎዱት። ተማሪ የሚገባበትና አስተዳዳሪው የሚገባበት የይለፍ ቃልም የተለያየ ይሁን፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎም አይታይ።

ለጊዜው የተቋማችን አስተዳደር አንድ ነገር ይሞክር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በመዝገብ ይከፈት፣ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ሠልጣኞች ተረኛ ይሁኑ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ ስሜን አስመዘግባለሁ።