የኋላ ወንበር ጉልበት

ወገን፣ የእንግሊዝ ፓርላማን ክርክር ታያላችሁ? እኔ ስራ ስለሌለኝ አያለሁ 😀

እዚያ ሹመት የሌላቸው የገዢው ፓርቲ አባላት ከሚኒስትሮቹ ኋላ ነው የሚቀመጡት። ግን እንዳትንቋቸው! በወግ አጥባቂው ፓርቲ በ2022 በነበረው ደንብ፣ ከፓርቲው እንደራሴዎች 15 በመቶው ደብዳቤ ካስገቡ መሪው ላይ ድምፅ ይሰጣል። ደብዳቤውን የሚቀበለው የራሳቸው "የ1922 ኮሚቴ" ሰብሳቢ ነው፤ ማን እንደፃፈ አይናገርም። ድምፁም ሚስጥር ነው። ቦሪስ ጆንሰን ጁን 2022 ላይ 211 ለ148 አሸነፈ። ምን ዋጋ አለው! በወሩ ሚኒስትሮቹ ጥለውት ሲወጡ እሱም እለቃለሁ አለ። 148ቱ እኮ ተቃዋሚዎች አይደሉም፣ የገዛ ፓርቲው ሰዎች ናቸው።

የኛዎቹስ? የህገ መንግስቱ አንቀፅ 54 እንደራሴው የሚገዛው ለህገ መንግስቱ፣ ለህዝቡና ለህሊናው ነው ይላል። እዚያ ውስጥ ፓርቲ የሚል የለም። በተግባር ግን እጩ የሚያደርገው ፓርቲው ነው፣ እጅ የሚወጣውም አለቃ እያየ ነው። ታዲያ ህሊና በየት በኩል ይግባ?

ያው አንቀፅ የመራጩን አመኔታ ያጣ እንደራሴ በህግ መሰረት ይወገዳል ይላል። እስቲ የወረዳችሁን እንደራሴ ስም ኮሜንት ላይ ፃፉ። ስንቶቻችን እናውቀዋለን?